የርቢ ሻርኮች

«ይቀቀላሉ!» አለች ሀሴት።

ወይኔ! ቃሏ ከየት እንደመጣች አታውቅም። ከአፏ ዘላ ወጥታ ሳሎኑ መሃል ስትቆም ነው ራሷ የሰማቻት። ጓደኛዋ ፈይሩዛ ጣቷን አኳሪየሙ መስታወት ላይ እንዳደረገች ዞራ አየቻት።

«ምን አልሽ?»

«ይቀቀላሉ አልኩሽ! ዴራ ሙቀት አይደል? ፀሐዩ አናት ይበሳል አይደል? ዓሣ ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚፈልገው። እዛ ብትወስጃቸው ሾርባ ነው የሚሆኑት፣ ፈይሩ! የዓሣ ሾርባ!»

«ወላሂ በይ።»

ሀሴት ወላሂ አትልም፤ እሷ የምትምለው በሌላ ነው። «እሙዬ ትሙት!» አለች። እናቷ ጓዳ ሆና ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፣ ምስኪን፣ ምኑንም ሳትሰማ።

ፈይሩዛ ጣቷን ከመስታወቱ አነሳች። ከአሥር ደቂቃ በፊት በሩን በርግዳ የገባችው ልጅ አትመስልም ነበር እኮ! ስትገባ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነው የዘረገፈችው፤ አባቷ ቆላ ወርዶ ዴራ ከተማ ላይ የእህል መጋዘን ከፍቷል፣ ቤትም ገዝቷል፣ ሐምሌ ላይ ቤተሰቡ በሙሉ ጠቅልሎ ይሄዳል፣ ግን አትዘኚ፣ ግቢው ውስጥ ሁለት የሲሚንቶ ገንዳ አለ፣ ዴራ ውሃ ቶሎ ቶሎ ስለማይመጣ የሚያጠራቅሙበት፣ አንደኛው ባዶ ነው፣ ሚኒባስ ያክላል፣ ወላሂ ሚኒባስ! ሻርኮቹን እዛ እንከታቸዋለን፣ አንቺ ደግሞ በየበዓሉ እየመጣሽ ታያቸዋለሽ!

ሀሴት ከዚህ ሁሉ ውስጥ የሰማችው ሁለት ነገር ብቻ ነው። ፈይሩዛ ትሄዳለች። ሻርኮቹም ይሄዳሉ። ሁለቱም፣ በአንድ ቀን! እና «ይቀቀላሉ» አለች። በቃ፣ እንደዛ ነው የሆነው።

«እሺ» አለች ፈይሩዛ ቀስ ብላ። «እዚሁ ይቅሩ። እጄ ላይ ከሚሞቱ ሳላያቸው ይኑሩ።» ከዛ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

ሻርክ ሲባል መቼም እንዳትደነግጡ። ስማቸው ነው እንጂ ነክሰው አያውቁም። ባላ ሻርክ ይሏቸዋል ሻጮቹ። ብር የመሰሉ ናቸው፣ ክንፋቸውና ጭራቸው ጫፍ ጫፉ ኩል የተኳለ ይመስል ጥቁር ነው፣ ውይ እንዴት እንደሚያምሩ! ዛሬ አንድ ዓመት ተኩል ይሆናል፣ የፈይሩዛ ታላቅ ወንድም ከዲሮ፣ ሚኒባስ ነው የሚነዳው፣ አዲስ አበባ ሰው አድርሶ ሲመለስ እህቱ ስትለምነው የከረመችውን አመጣላት። ስድስት ዓሣ፣ እያንዳንዳቸው ጣት የሚያክሉ፣ በውሃ በተሞላ ላስቲክ። እንዳይበርዳቸው ጃኬቱን አልብሶ፣ ጋቢና ላይ እንደ ትልቅ ሰው አስቀምጦ ነው ያመጣቸው! ተሳፋሪ «ጋቢና ባዶ ነው?» ሲለው «ተይዟል» ይል ነበር አሉ።

ፈይሩዛ ቤት ግን ማስቀመጫ የለም። ሀሴት ቤት ደግሞ አባቷ ጋሽ በእውቀቱ አለ። ጋሽ በእውቀቱ መስታወት ቆራጭ ነው። ከአንድ ትልቅ ሱቅ ሥራ የተረፈውን ወፍራም መስታወት ለካ፣ ቆረጠ፣ በሲሊከን አጣበቀና ከሶፋው የማያንስ አኳሪየም ሠራላቸው። ከዲሮ ማሞቂያውንና አየር የሚነፋውን ሞተር ጨመረበት። ከዛ የፈይሩዛ አባት አቶ ሚፍታ ሊያይ መጣ። ገጠር ብዙ ላሞች ስላሉት ነገሩን ሁሉ በላም ነው የሚያየው።

«ይሄ እኮ ርቢ ነው!» ብሎ ሳቀ። «ላሜን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ፤ እሱ ያበላታል፣ ይጠብቃታል፣ ርቢው ሲፈርስ ትርፉን እኩል እንካፈላለን። ዓሣው የፈይሩዛ፣ ቤትና ቀለቡ የሀሴት። ርቢያችሁን ይባርክላችሁ!»

ከዛን ቀን ጀምሮ በሰፈሩ «የርቢ ሻርኮች» ሆኑ።

ከሁሉ ከሁሉ ደግሞ አብሮ መሄዳቸው! አንዱ ሲዞር ሁሉም እኩል ዞረው፣ አንዱ ሲፈጥን ሁሉም ፈጥነው። ሁልጊዜ የሚመራውን ትልቁን «ሹፌር» አሉት። ከጎኑ የማይጠፋውን «ረዳት»። የቀሩት በሙሉ «ተሳፋሪ»። ሀሴት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታወርድ ነው መስታወቱ ላይ የምትለጠፈው፤ እነሱም ያውቋታል፣ ተሰብስበው ይመጣሉ፣ አፋቸውን ይከፍታሉ ይዘጋሉ፣ ሙሉ ቀን የዋሉበትን የሚያወሯት ነው የሚመስሉት።

ስድስተኛው ግን ሞቷል። በጉርሻ! ባለፈው የገና በዓል ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ ነበር። ጎረቤታቸው እትዬ በቀለች አኳሪየሙን አዩና «እኛ እየበላን እነሱ ቆመው ሊያዩን? ነውር ነው!» ብለው አንድ ጉርሻ ድፎ ዳቦ ጣሉላቸው። ከዛ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብለው ደገሙ። እሳቸውን ያየ እንግዳ ሁሉ አጎረሰ። በማግስቱ ውሃው ጠላ መስሎ አንዱ ተሳፋሪ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተገኘ። ሀሴትና ፈይሩዛ ተቃቅፈው አለቀሱ፣ ውሃውን በባልዲ ሲቀይሩ ዋሉ። እትዬ በቀለች ደግሞ ማታውኑ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለቅሶ ደረሱ። ሙድ እየያዙ አልነበረም፣ ከልባቸው ነው!

እና እነዚህን ነው እንግዲህ ሀሴት «ይቀቀላሉ» ብላ ያስቀረቻቸው።

ካርድ በሚሰጥበት ቀን አንድ ሐሳብ መጣላት። ምናልባት እውነት ቢሆንስ? እውነት ከሆነ እኮ ውሸት አይደለም! ጎበዝ ሀሴት! ግቢውን ሮጣ አቋርጣ የባዮሎጂ አስተማሪዋን መምህር ዲሪባን ደረሰችበት።

«ቲቸር! ባላ ሻርክ ሙቀት ይገለዋል አይደል?»

«ማነው ያለሽ?» አለ መምህር ዲሪባ። «የሞቃት አገር ዓሣ ነው እኮ። ሃያ አምስት፣ ሃያ ሰባት ዲግሪ ነው የሚስማማው። እኔ የሚገርመኝ ይሄን የአሰላ ብርድ እንዴት እንደቻሉልሽ ነው። ስንት ናቸው?»

«አምስት።»

«እንዳይቀንሱብሽ። የመንጋ ዓሣ ነው። ሁለት ሦስት ሆኖ ሲቀር ይፈራል፣ ጥግ ይይዛል፣ መብላት ይተዋል። ደግሞ ገና ክንድ ነው የሚያክሉት፣ ሰፊ ቦታ ፈልጊላቸው።»

«እሺ ቲቸር» አለች ሀሴት። ድምጿ የጉንዳን ድምፅ ሆነ። ካርዷን አራት ቦታ አጥፋ ኪሷ ከተተች፤ ስንተኛ እንደወጣች ቤት እስክትደርስ እንኳን አላየችም።

ነገ እነግራታለሁ አለች። ነገ መጣ። ፈይሩዛም መጣች፤ በየቀኑ ነበር የምትመጣው፣ ልትሰናበታቸው። ወንበር ስባ አኳሪየሙ ፊት ትቀመጥና «አንተ ሹፌር፣ ሀሴትን እንዳታስቸግራት እሺ? አንቺ ወፍራሟ፣ ምግብ ቀንሺ» ትላቸዋለች። አንድ ቀን እንዲያውም «አባቴን ገንዳውን እህል ማጠቢያ አድርገው አልኩት፣ ባዶውን ሳየው እንዳይከፋኝ» አለቻት። ሀሴት ያኔ መስታወቱን በእጅጌዋ መወልወል ጀመረች። ነገ፣ አለች። ሙች ነገ!

ሐምሌ ገባ። የጭላሎ ተራራ ጉሙን ተከናንቦ አልገለጥ አለ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሌት ተቀን ይደበድባል። እና መብራት ጠፋ።

በመጀመሪያው ቀን ማንም አልደነገጠም፤ መብራት ነው፣ ይጠፋል፣ ይመጣል። በሁለተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ሀሴት እጇን አኳሪየሙ ውስጥ ስትከት ጮኸች። ውሃው በረዶ! ተሳፋሪዎቹ አሸዋው ላይ ተኝተዋል። ረዳት በአንድ ጎኑ ዘንበል ብሏል። ሹፌር፣ ያ ቀብራራ ሹፌር፣ ጥግ ላይ ሆኖ አፉ ብቻ ይንቀሳቀሳል።

«አባዬ! አባዬ እየሞቱ ነው!»

ጋሽ በእውቀቱ የራሱን ጋቢ ከትከሻው አውልቆ መስታወቱን ጠቀለለው። ሀሴት ብርድ ልብሷን ከአልጋዋ ጎትታ ደረበችበት። ስልኳ ባትሪ ዘግቷል፣ ለማንም መደወል አትችልም። ግን በሩ ተንኳኳ፣ ማለት ተበረገደ፣ ፈይሩዛ ናት! ዝናብ ከላይ እስከታች አበስብሷት፣ በሁለት እጇ ሁለት ትልልቅ ፔርሙስ ታቅፋ።

«መል ታቴ? ምን ሆነሽ ነው? ለምን አልጠራሽኝም? የእኛም ሰፈር ጠፍቷል እኮ፣ ስለነሱ ሳስብ ልቤ ልትቆም!» ነጠላ ጫማዋን በር ላይ ወርውራ ገባች። «ሙቅ ውሃ ነው። ምን ላይ ነው የምንገለብጠው?»

«አይገለበጥም» አለ ጋሽ በእውቀቱ። «ድንገት ከሞቀባቸው ይደነግጣሉ። ሃይላንድ አምጡ።»

ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ መቼም ከቤት አይጠፋም። ሦስት ባለ አንድ ሊትር አገኙ፣ ሙቁን ውሃ ሞሉ፣ ክዳኑን ጥርቅም አድርገው አኳሪየሙ ላይ አንሳፈፉት። ጋሽ በእውቀቱ ውጪ በረንዳው ላይ ከሰል አያይዞ ሌላ ውሃ ጣደ። ሁለቱ ልጆች ጋቢውን በትንሹ ገለጥ አድርገው፣ ጉንጫቸውን አጋጥመው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ማየት ጀመሩ።

መጀመሪያ ምንም። ከዛ ወፍራሟ ተሳፋሪ ጭራዋን አነቃነቀች። ከዛ ሌላዋ። ረዳት ቀና አለ። ተራ በተራ ወደ ላይ ወጡና ጠርሙሱን ከበው ሆዳቸውን አስጠጉት። ሹፌር መጨረሻ መጣና መሃላቸው ተሸጎጠ።

«እያቸው! እያቸው በናትሽ!» ፈይሩዛ በሹክሹክታ ጮኸች። «እሳት ዳር እንደተቀመጡ ሽማግሌዎች እኮ ናቸው! ቆይ ቡና እናፍላላቸው?»

ሁለቱም አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ሳቁ፣ ዓሣዎቹ እንዳይደነግጡ። ሀሴት በዓመቱ እንደዛ ደስ ብሏት አያውቅም! ከዛ ፈይሩዛ ድንገት ሳቋን አቆመች።

«ሀሲ... አልበዛም?»

«ምኑ?»

«ሙቀቱ ነዋ! ሙቀት አይችሉም አላልሽም? ያ ረቢ፣ ረስቼው! በናትሽ ይቀቀላሉ!» ፈይሩዛ እጅጌዋን ሰብስባ እጇን ውሃው ውስጥ ሰደደች። የመጀመሪያውን ጠርሙስ አንገቱን ይዛ ማውጣት ጀመረች። ዓሣዎቹ ተበተኑ።

ሀሴት ክንዷን ያዘች።

«አታውጪው።»

«ልቀቂኝ፣ ይሞታሉ!»

«ካወጣሽው ነው የሚሞቱት። ሙቀት ነው የሚወዱት።» ሀሴት ክንዷን አልለቀቀችም። «ዋሽቼሻለሁ፣ ፈይሩ። ዴራ ምንም አይሆኑም። እንደውም ከዚህ ይሻላቸዋል። እንዳትወስጃቸው ብዬ ነው።»

ጠርሙሱ ከፈይሩዛ እጅ አምልጦ ተመልሶ ውሃው ውስጥ ወደቀ። ውሃው ሁለቱም ፊት ላይ ተረጨ። ማንም አልጠረገም።

«በእናትሽ ነው የማልሽው» አለች ፈይሩዛ።

«አዎ።»

«መቼ አወቅሽ? ሙቀት እንደሚወዱ።»

ትንሽ ቀንሳ ልትነግራት ትችል ነበር። ዛሬ ነው፣ አሁን ሲከቡት ሳይ ነው፣ ልትል ትችል ነበር። «ካርድ ቀን» አለች። «ቲቸር ዲሪባ ነገረኝ።»

ፈይሩዛ ጣቷን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ እንደገና አጠፈች፤ ቀኑን እየቆጠረች ነበር። «አሥራ ሁለት ቀን። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ እዚህ ቁጭ ብዬ ስሰናበታቸው ታዪኝ ነበር? አጠገቤ ቆመሽ?»

ሀሴት ራሷን ነቀነቀች፣ አዎ ብላ። ፈይሩዛ አልጮኸችም። ብትጮህ እኮ ይሻል ነበር! ሁለተኛውን ፔርሙስ ከፈተች፣ የቀዘቀዘውን ጠርሙስ አውጥታ ውሃውን ቀየረችው፣ ክዳኑን አጠበቀች፣ ቀስ አድርጋ መልሳ አንሳፈፈችው። ሦስቱንም እንደዛ አደረገች። ከዛ ባዶ ፔርሙሶቿን ታቅፋ፣ ነጠላ ጫማዋን አድርጋ፣ ቻው እንኳን ሳትል ወደ ዝናቡ ወጣች።

መብራት ማታ መጣ። ፈይሩዛ ግን በማግስቱም አልመጣችም፣ በማግስቱ ማግስትም። ሀሴት አሥር ጊዜ ቴክስት ጽፋ አሥሩንም አጠፋች። አሥራ አንደኛውን ላከችው። «ውሰጃቸው። ሁሉንም። ይቅርታ።» ይላል። መልስ የለም። ወይ ጉድ፣ ሦስት ቀን እንደዛ ሊረዝም ይችላል እንዴ!

የሚሄዱ ቀን ጠዋት ከዲሮ ሚኒባሱን በራቸው ላይ አቆመ። ጣሪያው ላይ ፍራሽና ወንበር ተጭኖ እስከ ሰማይ ደርሷል። ፈይሩዛ ክዳን ያለው ሰማያዊ በርሜል እያንከባለለች ገባች። ሀሴትን አላየቻትም፣ ማለት አየቻት ግን እንዳላየች ሆነች።

«ትናንት ዴራ ወርደን ገንዳውን ሞላነው» አለች ለበርሜሉ። «አባቴ ግማሹን በሰሌን ከደነው፣ ጥላ እንዲኖራቸው።»

«አሁንም ተናደሽብኛል?»

«በጣም።»

«እሺ።»

«ግን አባቴ ርቢ ሲፈርስ ትርፉ እኩል ነው አለ። ሲመጡ ጣት ያክሉ ነበር፣ አሁን ከስንዝር አልፈዋል። ያሳደግሽው አንቺ ነሽ። ስለዚህ ሦስቱ የእኔ፣ ሁለቱ ያንቺ። ዱቄት አይደሉ፣ ለሁለት ተኩል አይከፈሉ!»

«አኩርፈሽኝ ታካፍይኛለሽ?»

«ኩርፊያ ሌላ፣ ርቢ ሌላ!» አለች ፈይሩዛ፣ እና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት። ዓይኗ ስር እብጥ ብሎ ነበር። ልክ እንደ ሀሴት።

ሁለት! ሀሴት ልቧ ዘለለ። ሁለት ይቀሩላታል! ማለት ከትምህርት ቤት ስትመለስ የሚጠብቃት አለ፣ ሳሎኑ ባዶ አይሆንም፣ መስታወቱ ላይ ስትለጠፍ የሚመጣ አለ። ጋሽ በእውቀቱም ከጀርባዋ ሆኖ «ለማሞቂያው ባትሪ አስገባለሁ» አለ፣ ዝግ ብሎ፣ «መብራት ቢጠፋም እንዳይበርዳቸው።» እንግዲህ ምን ቀረ? ምንም!

በርሜሉን ከአኳሪየሙ ውሃ ሞሉት። ፈይሩዛ ከአጎበር ቁራጭና ከሽቦ የሠራችውን መረብ አውጥታ ለሀሴት ሰጠቻት። «አንቺ አውጪያቸው፣ ከአንቺ አይሸሹም።» ሹፌርን ሀሴት በመጀመሪያው ሙከራ ያዘችው፤ እንደ ብር ሳህን አብለጨለጨና በርሜሉ ውስጥ ገባ። ከዛ ወፍራሟ። ከዛ ሌላዋ፣ ግማሹን ሳሎን ውሃ አርከፍክፋ።

«ሦስት» አለች ፈይሩዛ። «በቃ።»

«ፈይሩዛ!» ከዲሮ ከውጪ ክላክሱን ነፋ። «እስከ ነገ ልጠብቅ?»

ፈይሩዛ ክዳኑን አነሳች፣ ግን ወዲያው አልከደነችውም። ሁለቱም አኳሪየሙን እያዩ ነበር። ውሃው ከመቼው እንደዛ ሰፋ? የቀሩት ሁለቱ ወዲህ ሮጡ፣ ወዲያ ሮጡ፣ ከዛ በበርሜሉ በኩል ያለውን ጥግ ይዘው፣ አንዱ በሌላው ላይ ተለጥፎ ቆሙ። አፋቸውን መስታወቱ ላይ ገጥመዋል። ሀሴት ጎንበስ አለች። ጣቷን አስጠጋች። ወደ ጣቷ አልመጡም።

«ይለምዳሉ አይደል?» አለች ፈይሩዛ። «ሀሲ? ሁለት ሲሆኑም ይለምዳሉ አይደል?»

ክላክሱ እንደገና ጮኸ።

«ከዲሮ፣ አንድ ደቂቃ!» አለች ሀሴት፣ እና መረቡን መልሳ አኳሪየሙ ውስጥ ከተተችው።